ለመድኃኒት አልበገር ያለው ድባቴና የማግኔቱ ሕክምና

ማግኔት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው በልጅነታችን ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ነቅለን ምስማርና መርፌ እናስለቅምበት የነበረውን ጥቁር ክብ ነገር ነው። ካደግን በኋላ ደግሞ ገበያው ሌላ ዓይነት ማግኔት አመጣልን። «ደም ያዘዋውራል፣ የነርቭ ሕመም ይነቅላል፣ ጭንቀት ያስወግዳል» እየተባለ የሚሸጠውን የማግኔት አምባርና ቀበቶ ማለቴ ነው። ስለዚህም በታላላቅ የዓለም ሆስፒታሎች በከባድ የመንፈስ ጭንቀት የሚሰቃዩ ሰዎች ጭንቅላታቸው ላይ ማግኔት እየተደረገ ይታከማሉ ሲባል ግማሻችን እንስቃለን፣ ግማሻችን እንደነግጣለን። የሚስቀውም የሚደነግጠውም የራሱ ምክንያት አለው። ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? እውነትስ ያድናልን?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ የአንዲት ጎረቤቴ ጥያቄ ነው። የሐጃ ሴት ልጅ አሜሪካ ከገባች ዓመታት ተቆጥረዋል። ልጅቱ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ መሥራትም፣ ልጆቿን በወጉ መያዝም አቅቷት፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተራ በተራ ወስዳም ለውጥ ስላላገኘች፣ ሐኪሟ «በማግኔት እንሞክር» ይላታል። ይህንኑ በስልክ ብትነግራቸው እናት «ጭንቅላቴን በኤሌክትሪክ ሊያስመቱኝ ነው» ያለቻቸው ያህል ሌሊቱን ሲያለቅሱ አድረው በማለዳ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። እምቢ በይ ልበላት ወይስ ዝም ልበል?» አሉኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለረጅም ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ማግኔቱን አውቀዋለሁ፤ ሕክምናውን ግን ማንበብና ባለሙያ መጠየቅ ነበረብኝ። ዛሬ ከዋሽንግተን፣ ከለንደን ወይም ከስቶክሆልም ስልክ የሚደወልለት ቤተሰብ ብዙ በመሆኑ ያገኘሁትን መልስ ለሁላችሁም ማካፈሉን መረጥኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ዛሬ ደብሮኛል» እንላለን፤ ማታ ሻይ ጠጥተን ከወዳጅ ጋር ስንጫወት ይለቀናል። ባለሙያዎች ድባቴ የሚሉት ሕመም በሻይና በጨዋታ አይለቅም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት፣ በየዕለቱ ማለት ይቻላል፣ የሰውየው ስሜት ይጨልማል፤ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኙት የነበሩ ነገሮች ሁሉ ጣዕም ያጣሉ። እንቅልፍ ይዛባል፤ ምግብ ይጠላል፤ ሰውነት ይዝላል፤ ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል፤ ራስን መውቀስ ይበዛል። ሲከፋም ሞትን መመኘትና ራስን ለማጥፋት ማሰብ ይመጣል።

በእኛ ቤት ደግሞ ሕመሙ የራሱ መልክ አለው። ለፈጅር ሶላት ማንም የማይቀድመው የነበረ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ አዛኑን እየሰማ መነሣት ያቅተዋል። ቢሰግድም ልቡ ከሶላቱ ጋር አይደለም። ቤተሰቡ «ኢማንህ ደክሞ ነው» ይለዋል፤ አክስት «ጂን ነክቶት ነው» ብላ ትደመድማለች። ከዱዓእና ከሩቅያ ጋር ክርክር የለኝም፤ የሚያጽናናውን ሁሉ ታማሚው ሊያገኝ ይገባዋል። ክርክሬ ከፍርዱ ጋር ነው። ራስን መውቀስ ከበሽታው ምልክቶች አንዱ ሆኖ ሳለ ታማሚውን «የታመምከው በራስህ ጉድለት ነው» ማለት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ መጨመር ነው። ይህን የሚለው የምዕራባውያን ሳይንስ ብቻ አይምሰላችሁ። በ934 የሞተው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፈው መጽሐፍ ሐዘንን ለሁለት ከፍሎታል፤ አንደኛው ሰው የሚወደውን በማጣቱ የሚመጣ፣ ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘን ነው፤ ሁለተኛው ታማሚው ራሱ ለምን እንደሚያዝን የማያውቀው ሲሆን፣ ይኸኛው ከአካል የሚመነጭ በመሆኑ በአካል ሕክምና ሊታከም ይገባል ባይ ነው። የዘመኑ ሕክምና ክፍፍሉን እንዲህ ቁርጥ አድርጎ አይቀበለውም፤ ሆኖም ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሙስሊም ሊቅ ያየውን እኛ ዛሬ ማየት ሲያቅተን ያሳዝናል።

ወደ መድኃኒቱ እንለፍ። ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የድባቴ መድኃኒቶችን በበቂ መጠንና ለበቂ ጊዜ ወስዶ ያልተሻለው ሰው ሕመሙ ለመድኃኒት አልበገር ያለ ይባላል። እንዲህ ያለው ታማሚ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ከ4,000 በላይ ታማሚዎችን ያሳተፈና ውጤቱ በ2006 የወጣ ታላቅ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያው መድኃኒት ምልክቶቹ ጠፍተውለት ወደ ጤናው የተመለሰው ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ነው። ሳይሻላቸው ቀርተው ወደ ሦስተኛውና ወደ አራተኛው ደረጃ ከዘለቁት መካከል ደግሞ በየደረጃው የዳነው ከሰባት ሰው አንድ ያህል ብቻ ነበር። ይሁንና «በበቂ መጠንና ለበቂ ጊዜ» የሚለውን ሐረግ አስምሩበት። መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ያስፈልጋል። በአሥረኛው ቀን «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ያቆመ፣ ወይም ለወንድሙ የታዘዘውን ተካፍሎ የዋጠ ሰው መድኃኒቱ አልበገር ብሎታል አይባልም፤ ገና አልወሰደውም። ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ሥራው ሲዳከምም ድባቴ የሚመስል ሁኔታ ሊያስከትል ስለሚችል ይህንኑ በደም ምርመራ ማጣራት ይገባል። ማግኔቱ ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመለስ። ማይክል ፋራዳይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1831 ያገኘውን ሕግ ለተማሪዎቼ የማሳየው እንዲህ ነበር። የመዳብ ሽቦ በክብ ጠምጥሜ ጫፎቹን ከጋልቫኖሜትር ጋር አገናኛለሁ፤ ከዚያም ማግኔት ወደ ጥምጥሙ መሐል እከታለሁ። ማግኔቱ ሲገባ የመለኪያው መርፌ ይዘላል። ማግኔቱ እዚያው ውስጥ ሲቀመጥ መርፌው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሲወጣ በተቃራኒው ይዘላል። ተማሪዎቹን ሁልጊዜ የሚያስደንቃቸው መካከለኛው ነው፤ «ማግኔቱ እኮ ውስጥ አለ!» ይላሉ። አዎን አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ግን የማግኔት መኖር ሳይሆን የማግኔት ኃይል መለዋወጥ ነው። እንግዲህ አንጓ ላይ ታስሮ የሚውለው አምባር ምን እንደሚሠራ ራሳችሁ ፍረዱ። አንድ ጎበዝ ተማሪ «እጄን እያወዛወዝኩ ብሄድስ?» ብሎኝ ነበር። የሚፈጠረው ከምንም የማይቆጠር ነው ብዬዋለሁ።

የሕክምናው መሣሪያ የሚለየው በዚህ ነው። በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው የሽቦ ጥምጥም ነው። በማጠራቀሚያ ውስጥ የተከማቸ ኤሌክትሪክ ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ሆኖ በሽቦው ውስጥ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው የማግኔት ኃይል ከ1.5 እስከ 2 ቴስላ ይደርሳል፤ ይኸውም በኤም አር አይ የምርመራ መሣሪያ ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ወዲያው ደግሞ ይጠፋል። የራስ ቅል አጥንት ኤሌክትሪክን አያሳልፍም ማለት ይቻላል፤ ማግኔትን ግን አይከለክልም። ስለዚህ ቅጽበታዊው ኃይል ቆዳውንና አጥንቱን አልፎ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር በሚሆን ጥልቀት የአንጎልን የላይኛውን ሽፋን ይደርሳል፤ እዚያም እንደ መዳቡ ጥምጥም ሁሉ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ የነርቭ ሕዋሳቱም ይነቃሉ። ከዚያ አልፎ ወደ ውስጥ ሲሄድ ኃይሉ በፍጥነት ይከስማል።

ይህን በሰው ላይ የማየት ጉጉት የቆየ ነው። ዳርሶንቫል የተባለ ፈረንሳዊ በ1896 ሰዎች ጭንቅላታቸውን በትልቅ የሽቦ ጥምጥም ውስጥ ሲያስገቡ ዐይናቸው ላይ ብልጭታ እንደሚታያቸው መዝግቧል። በ1980 ለንደን ውስጥ ሜርተንና ሞርተን የተባሉ ተመራማሪዎች በራስ ቆዳ ላይ ኤሌክትሪክ በመልቀቅ አንጎልን መቀስቀስ ችለው ነበር፤ ግን ያማል። በ1985 አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ በማግኔት ተመሳሳዩን ሠሩ። ጥምጥሙን ጭንቅላት ላይ አድርገው መሣሪያውን ሲለቁት የሰውየው እጅ ያለ ፈቃዱ ዘለለ፤ ሕመም አልተሰማውም። ሐሳባቸው ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚሄደው የነርቭ መንገድ ደህና መሆኑን መመርመር ነበር፤ ስለ ድባቴ ያነሣ አልነበረም። ወደዚያ ያመጣው በድባቴ የተያዙ ሰዎች የአንጎላቸው የግራ ግንባር ክፍል ከሌላው ሰው ያነሰ ሥራ ሲሠራ በምስል መታየቱ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ጆርጅና ባልደረቦቹ በ1995 ይህንኑ ቦታ በየቀኑ ቢቀሰቅሱት ምን ይሆናል ብለው በጥቂት ታማሚዎች ላይ የሞከሩትን አሳተሙ። ቦታው ደግሞ ሐዘን በበረታ ጊዜ ከልክ በላይ ከሚሠራ፣ ወደ ውስጥ ከራቀ ሌላ የአንጎል ክፍል ጋር ይገናኛል። ማግኔቱ የማይደርስበትን ክፍል በሚደርስበት በኩል መጎተት ነው ይላሉ።

ማብራሪያው ያምራል፤ እኔ ግን እንዲህ የሚያምር ማብራሪያ ሲነገረኝ ቀስ እላለሁ። በእንግሊዝ አገር 255 ታማሚዎችን ይዞ በ2024 የታተመ ጥናት የግማሾቹን ቦታ በአንጎላቸው ምስል ለየብቻ በጥንቃቄ ለክቶ፣ የቀሩትን በቀለለው የተለመደ አለካክ አክሞ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ ልዩነት ግን አልተገኘባቸውም። ካርታው የተባለለትን ያህል ወሳኝ ከሆነ ለምን?

ታማሚው የሚያየው ምንድን ነው? በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ጥምጥሙን ከጆሮ ከፍ ብሎ ባለው የጭንቅላት ክፍል ላይ እያንቀሳቀሰ የአውራ ጣት ጡንቻ ሲዘል ይጠብቃል። ጣቱን ለማዘለል የሚበቃው ዝቅተኛ ኃይል የዚያ ሰው ልክ ይባላል፤ የሕክምናው መጠን የሚቆረጠው ከእርሱ ነው። ከዚያ ጥምጥሙ ወደ ግራ ግንባር ይመጣል። በተለመደው አሠራር መሣሪያው በሴኮንድ 10 ጊዜ ለ4 ሴኮንድ ይመታል፣ ለ26 ሴኮንድ ያርፋል፤ እንዲህ እያለ በ37 ደቂቃ ተኩል ውስጥ 3,000 ምት ይሰጣል። ድምፁ ግንደ ቆርቁር ዛፍ ሲመታ እንደሚሰማው ስለሆነ ጆሮ ላይ መከላከያ ይደረጋል። ታማሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነቅቶ ይቆያል፤ ሲያልቅም ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህ በሳምንት አምስት ቀን ለአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ይደጋገማል። በ2018 ካናዳ ውስጥ 414 ታማሚዎችን ያሳተፈ ጥናት ምቶቹን በተለየ አመታት አቀራርቦ በ3 ደቂቃ ብቻ የሚያልቅ አሠራር ከረጅሙ እንደማያንስ ካሳየ ወዲህ ብዙ ቦታ አጭሩ እየተለመደ መጥቷል። በሁለቱም በኩል በሕክምናው ማብቂያ ከመቶ 30 ያህሉ ከሕመሙ ነጻ ሆነዋል።

ሐጃን ያስለቀሳቸው «ኤሌክትሪክ» ሌላ ነው። እርሱ በ1938 ሮም ላይ የተጀመረው ሲሆን፣ ታማሚው በማደንዘዣ ተኝቶ ሆን ተብሎ አንጎሉ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል፤ የማስታወስ ችሎታን ለጊዜው ሊያውክ ይችላል። በማግኔቱ ማደንዘዣ የለም፣ መንቀጥቀጥም አይፈለግም፣ የማስታወስ ችሎታም አይጎዳም። ይህንኑ ነግሬያቸው ልባቸው ረጋ። ግን ለእውነት ስል አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። ያ የሚፈሩት ሕክምና በፊልም እንደሚታየው አይደለም፤ እጅግ ለከበደ ድባቴ ከማግኔቱ የበረታ ነው። ምግብና ውኃ እምቢ ያለ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ራሱን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው ስድስት ሳምንት የማግኔት ወንበር ላይ እየተቀመጠ ሊጠበቅ አይገባም። እንዲህ ያለው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። የአምባሩም ሻጭ «ሰዎች ተሽሏቸዋል» ይላል፤ ሆስፒታሉም «ሰዎች ተሽሏቸዋል» ይላል። በምን እንለያቸው?

ጥያቄው ከማግኔት ጋር የተያያዘ የቆየ ታሪክ አለው። ፍራንዝ አንቶን መስመር የተባለ ሐኪም በ1778 ከቪየና ፓሪስ ገብቶ «የማግኔት ኃይል በሰው ውስጥ ይፈሳል፤ እኔ አስተካክለዋለሁ» እያለ ከተማውን አጥለቀለቀው። ሰዎች ይንቀጠቀጡ፣ ይወድቁ፣ ዳንን ይሉ ነበር። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ በ1784 አጣሪ ቡድን ሰየመ፤ ከአባላቱ መካከል ታዋቂዎቹ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቮዚየ ነበሩ። አጣሪዎቹ አንዱን ዛፍ ብቻ «ማግኔት አስገብተውበት» ዐይኑን የታሰረ ልጅ ከዛፍ ወደ ዛፍ ወሰዱት። ልጁ ራሱን ስቶ የወደቀው ምንም ካልተደረገበት ዛፍ ሥር ነበር። የሚሠራው እምነቱ እንጂ ማግኔቱ እንዳልሆነ በዚህ ታወቀ።

የዛሬው ሕክምናም ያለፈው በዚሁ ወንፊት ነው። ለግማሾቹ ታማሚዎች እውነተኛው ጥምጥም፣ ለግማሾቹ ድምፁም መልኩም ተመሳሳይ የሆነ፣ ማግኔቱ ግን ወደ አንጎል የማያልፍ ማስመሰያ ይደረግላቸዋል። ማን የቱን እንዳገኘ ታማሚውም የሕመሙን መጠን የሚለካው ሐኪምም አያውቁም። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ተካሂዶ በ2010 የታተመውና 190 ታማሚዎችን የመዘነው ጥናት እንዲህ ሲያደርግ፣ ከእውነተኛው ቡድን ከመቶ 14፣ ከማስመሰያው ቡድን ከመቶ 5 ያህሉ ከሕመሙ ነጻ ሆኑ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ትልቅ ግን አይደለም። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን መሣሪያ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 ፈቅዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥናት ግን ብዙ ሰው አሳስቧል። በ2018 የታተመ ነው፤ 164 የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች ተሳትፈውበታል። ከእውነተኛው ቡድን ከመቶ 41፣ ከማስመሰያው ቡድን ከመቶ 37 ያህሉ ዳኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው! «ታዲያ ይኸው መስመር ተመልሶ መጣ» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ወደዚያ አልደርስም፤ ምክንያቱም በሌሎች ብዙ ጥናቶች እውነተኛው ማግኔት ማስመሰያውን በልጧል። በ2024 በኔዘርላንድ የታተመ፣ 89 ታማሚዎችን የያዘ ጥናት ደግሞ መድኃኒት አልሠራላቸው ካሉ ሰዎች ግማሾቹን ሌላ መድኃኒት፣ ግማሾቹን ማግኔት ሰጥቶ፣ ማግኔት ካገኙት ከመቶ 27፣ መድኃኒት ከቀየሩት ከመቶ 5 ያህሉ ከሕመሙ ነጻ ሆነዋል። ሁለት መድኃኒት ለሞከረ ሰው ሦስተኛውን ከመዋጥ ማግኔቱን መሞከር ይሻለው ይሆናል ለማለት ይህ ይበቃኛል።

ዐይኔን የያዘው ግን ያ 37 ነው። እነዚያ ሰዎች ማግኔት አላገኙም። ያገኙት ምንድን ነው? በየማለዳው የሚነሡበት ምክንያት፣ ስማቸውን ጠርቶ የሚቀበላቸው ሰው፣ «ትናንት እንዴት አደርክ?» የሚላቸው ሰው፣ የሚቀመጡበት ወንበር፣ ነገም ና የሚላቸው ሰው። ለዓመታት ከቤት ያልወጣ ድባቴ የያዘው ሰው ይህን ለሳምንታት ሲያገኝ አንጎሉ ላይ ምንም አይደርስም ብሎ የሚምል ካለ እኔ አልምልም። እኛ የታመመን መጠየቅ ከዲናችን የሆነ ሕዝብ ነን። እግሩ የተሰበረውን ሰው ብርቱካንና ቴምር ይዘን ለመጠየቅ እንሽቀዳደማለን። ድባቴ የያዘውን ግን ማን ይጠይቀዋል? በሩን ዘግቶ ተኝቷል ይባላል፤ እኛም ከበሩ እንመለሳለን።

ወሬው ከሁሉ የበለጠ የናኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው አሠራር ነው። በቀን 10 ጊዜ፣ በየመሐሉ 50 ደቂቃ እያሳረፈ፣ ለ5 ቀን ብቻ ይሰጣል። ከማስመሰያ ጋር ተወዳድሮ ውጤቱ ሲታተም እውነተኛውን ካገኙት ከመቶ 79 ያህሉ፣ ማስመሰያውን ካገኙት ከመቶ 13 ያህሉ ከሕመሙ ነጻ ሆነዋል። በ2022ም ፈቃድ አግኝቷል። ቁጥሩ ልብ ይሰርቃል። የተሳተፉት ግን በድምሩ 29 ሰዎች ናቸው፤ ሦስት ሚኒባስ ታክሲ እንኳ አይሞሉም። ተስፋ ማድረግ መልካም ነው፤ በዚህ ቁጥር ብቻ ቤት ሸጦ ለመሄድ መነሣት ግን አይገባም።

ጉዳቱስ? አብዛኛው ሰው የሚገጥመው ራስ ምታትና ጥምጥሙ የሚያርፍበት የራስ ቆዳ ሕመም ሲሆን በሚቀጥሉት ቀናት ይቀንሳል። ከባዱ አደጋ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ መነሣቱ ነው፤ ይህ ከ1,000 ታማሚ አንድ በማይሞላው ላይ የሚደርስ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በተለይ ስሜቱ ከጫፍ ጫፍ የሚዋዥቅበትን ሰው ያለ ልክ ወደ መፈንጠዝ ሊያሻግረው ይችላል። በጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ የደም ሥር መቆንጠጫ ወይም በጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ያለው፣ ከወንበሩ መቅረብ የለበትም። ጦርነት አይተው ወደ ውጭ የወጡ ወገኖቻችን ይህን በተለይ ልብ ይበሉ፤ ከዓመታት በፊት ጭንቅላታቸውን ወይም ፊታቸውን የመታቸው ፍንጣሪ እዚያው ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ሳይጠየቁ ለሐኪሙ ይንገሩ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለትም እንዲሁ ይናገር። የዳነ ሰው ደግሞ ለዘለዓለም ዳነ ማለት አይደለም፤ በወራት ውስጥ ሕመሙ የሚመለስባቸው ስላሉ ሕክምናው ሊደገም ይችላል፤ መድኃኒቱንም ማቆም ያለበት ሐኪሙ ሲል ብቻ ነው።

ዋጋው ከባድ ነው። በአሜሪካ ኢንሹራንሶች በአብዛኛው የሚከፍሉት መድኃኒቶች ተሞክረው አለመሥራታቸው በሰነድ ሲረጋገጥ ነው። በእንግሊዝ አገር ሕክምናውን የሚመዝነው ብሔራዊ ተቋም በ2015 ለድባቴ እንዲውል ይሁንታ ሰጥቶታል። ከገንዘቡ ሌላ የሚያዳግተው በየቀኑ መመላለሱ ነው፤ ልጆች ያሏት እናት ለስድስት ሳምንታት ልጆቿን የሚይዝላት ካላገኘች ሕክምናውን በመሐል ታቋርጣለች። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቿና የመስጊድ እህቶቿ ከዱዓው ጋር ይህንንም ቢያስቡላት እላለሁ።

ስለ እኛ ጥቂት ልጨምርና ላብቃ። ጥምጥሙ ራስ ላይ የሚያርፍ በመሆኑ እህቶች ሂጃባቸውን ማውለቅ ያስፈልጋቸው እንደሆነ፣ ስስ ቆብ ማድረግ ይቻል እንደሆነ፣ ሴት ባለሙያ እንዳለች ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ፤ ነውር የለበትም። የሻርፕ ስፒል፣ የፀጉር ማስያዣ ብረትና የጆሮ ጌጥ ከመቀመጣቸው በፊት መውጣት አለባቸው።

ረመዷን ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ ጾምን ያፈርሳል ወይ የሚለው ነው። ብይኑን ለዑለማዎች እተዋለሁ፤ እኔ የማውቀው በዚህ ሕክምና የሚዋጥም፣ የሚጠጣም፣ በመርፌ የሚገባም ነገር እንደሌለ ነው። ሐኪሙ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ለሱሑር የሚነሣ፣ ተራዊሕ የሚቆም፣ ቀን ደግሞ ሥራ የሚውል ሰው እንቅልፉ ይጎድላል። የእንቅልፍ እጦት መንቀጥቀጥ የመነሣቱን ዕድል ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በአውራ ጣት የተለካውንም ልክ ሊለውጠው ይችላል። ሐኪሙ ሙስሊም ካልሆነ ረመዷን መግባቱንም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ታማሚው ስንት ሰዓት እንደተኛ በየቀጠሮው ይንገረው፤ ልኩም እንደገና እንዲወሰድለት ይጠይቅ። ወሩ ከመግባቱ በፊት የሌሎች መድኃኒቶቹ የመውሰጃ ሰዓትም ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር እንዲስተካከልለት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።